ፕሪንት ስፑለር የጋራ ሰርቨሩን ፕሮሰሰር ሲይዝ፦ ምክንያቱን ፈልጎ የማስተካከል መመሪያ

«ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ። ታስክ ማኔጀር ስንከፍት ስፑለር ፕሮሰሰሩን ይዞታል። ሰርቪሱን አጥፍተን ስናበራው ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ይመለሳል። ምን እናድርግ?» ስለ ስፑለር፣ ማለትም ህትመቶችን ተራ አስይዞ ለፕሪንተር ስለሚልከው የዊንዶውስ ሰርቪስ፣ የሚነሳው ይህ ጥያቄ በተለይ የወር መጨረሻ ላይና የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰኔ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። አንድ በአንድ ከመመለስ ሙሉውን አሠራር በቅደም ተከተል መጻፉ ይሻላል።

መመሪያው ለዊንዶውስ ሰርቨር 2016፣ 2019 እና 2022 ያገለግላል። ሰርቨርዎ ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው የሒሳብ ወይም ሌላ ፕሮግራም የሚሠሩበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም የቢሮውን ፕሪንተሮች ለሁሉም የሚያጋራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሥራ አንድ ላይ የተሸከመ ከሆነ ደግሞ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእርስዎ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ስፑለር በራሱ ከባድ ሥራ የለውም፤ ሰነድ ተቀብሎ ዲስክ ላይ ያኖራል፣ ተራው ሲደርስ ለፕሪንተሩ ይልካል። ፕሮሰሰሩ የሚጨናነቀው ስፑለር ውስጥ የገባ ሌላ ነገር ሲኖር ነው፦ የተበላሸ ሰነድ፣ ደካማ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም)፣ መልስ የማይሰጥ ፕሪንተር፣ ወይም ከሠራተኞች ኮምፒውተር ተከትለው የመጡ የፕሪንተሮች ብዛት። ሰርቪሱን አጥፍቶ ማብራት ምልክቱን ያስታግሳል፤ ጥፋተኛውን የሚያሳየውን ማስረጃም አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው ይመልከቱ፣ ከዚያ ያስነሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• በሰርቨሩ ላይ የአድሚኒስትሬተር መብት።
• «ፕሪንት ማኔጅመንት» የተባለው መሣሪያ። በሰርቨሩ ላይ ካላገኙት ከሰርቨር ማኔጀር «አድ ሮልስ ኤንድ ፊቸርስ» በሚለው መንገድ የህትመት አስተዳደር መሣሪያዎችን ብቻ ይጫኑ።
• ከማይክሮሶፍት የሲስኢንተርናልስ ስብስብ «ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር»። በነፃ ይገኛል፤ መጫን አያስፈልገውም።
• የፕሪንተሮቹ ዝርዝር፦ ሞዴል፣ የአይፒ አድራሻ፣ የሚገኙበት ክፍል።
• ማስታወሻ ደብተር። እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ ይጻፉ፤ ለውጡና ውጤቱ የሚገናኙት በሰዓት ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ስፑለርን ማቆም የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉንም ሰው ህትመት ያቆማል። ደረሰኝ፣ ቼክ ወይም የክፍያ ማዘዣ የሚያትም ክፍል ካለ ሳያሳውቁ አያቁሙት። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ የቀረ ቼክ እንደገና ሲታተም የሚፈጥረው ችግር ከሰርቨር መንቀራፈፍ የባሰ ነው። ከደረጃ 6 ጀምሮ ያሉትን ለውጦች ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያድርጓቸው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በትክክል ያንብቡ

ታስክ ማኔጀርን ከፍተው «ዲቴይልስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱና የስፑለሩን ፕሮሰስ ይፈልጉ፤ ስሙ «ስፑልኤስቪ» ነው። ከዚያ ሰርቨሩ ስንት ሎጂካል ፕሮሰሰር እንዳለው «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ይመልከቱ።

100ን በፕሮሰሰሮቹ ቁጥር ያካፍሉ። 4 ካለው 25፣ 8 ካለው 12 ወይም 13፣ 16 ካለው 6 በመቶ ገደማ ይመጣል። ስፑለሩ ማንም ሳያትም በዚህ ቁጥር ላይ ለደቂቃዎች ተቸንክሮ ከቆየ አንድ የሥራ ክር (በእንግሊዝኛው «ትሬድ»፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ከሚያስኬድባቸው መስመሮች አንዱ) መውጫ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሰርቨሩ ባለ8 ሆኖ ስፑለሩ 25 ላይ ከቆመ ሁለት ክሮች ተይዘዋል። ይህ የሥራ ብዛት ሳይሆን ብልሽት ነው፤ ከደረጃ 2 እስከ 6 ያለው ለእርስዎ ነው።

ቁጥሩ ሰዎች ሲያትሙ የሚወጣ፣ ሲያቆሙ የሚወርድ ከሆነ ግን እውነተኛ ጭነት ነው፤ ደረጃ 8ን ይመልከቱ። ጠዋት ሁሉም ሲገባ ብቻ የሚያሻቅብ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ደረጃ 7 ላይ ነው።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ዘመዶቹንም ይፈልጉ። «ኤስፒኤልዋው64» ባለ32 ቢት ፕሮግራሞች ባለ64 ቢት ድራይቨር እንዲጠቀሙ የሚያገናኝ ነው፤ እንደ ፒችትሪ ያሉ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች በሚሠሩበት ሰርቨር ላይ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ይታያል። «ፕሪንት አይሶሌሽን ሆስት» ደግሞ ተለይተው የተቀመጡ ድራይቨሮች የሚሠሩበት ነው። ጭነቱ ያለው በእነዚህ ላይ ከሆነ ስፑለሩን አይውቀሱ፤ በቀጥታ ወደ ድራይቨሩ ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ሳያስነሱት ውስጡን ይዩ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን በአድሚኒስትሬተር መብት ይክፈቱ። ስፑለሩን ሁለቴ ይጫኑና «ትሬድስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ዝርዝሩን በፕሮሰሰር አጠቃቀም ይደርድሩት፤ ከላይ የሚወጣው ጥፋተኛው ክር ነው። እሱን መርጠው «ስታክ» የሚለውን ይጫኑ። ይዝጉት፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና ይጫኑት፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ ያድርጉ። በየጊዜው ደጋግሞ የሚመጣውን የፋይል ስም ይጻፉ። «ኤንቲዲኤልኤል» እና «ከርነል» የሚሉትን ይለፏቸው፤ እነሱ በማንኛውም ፕሮግራም ውስጥ ይገኛሉ።

ስሙ መንገዱን ያሳያል፦

• «ቲሲፒሞን» ከሆነ፦ የኔትወርክ ፕሪንተር ፖርት (ሰርቨሩ ፕሪንተሩን የሚያገኝበት መስመር) ነው። ወደ ደረጃ 5።
• «ደብልዩኤስዲሞን» ከሆነ፦ በራስ ሰር የተገኘ የኔትወርክ ፕሪንተር ነው። ይህም ደረጃ 5።
• «ዩኤስቢሞን» ከሆነ፦ ስሙ እንዳያሳስትዎ። ከሪሞት ዴስክቶፕ ጋር የሚመጡ ፕሪንተሮች ፖርትም የሚያልፈው በዚሁ ነው። ወደ ደረጃ 7።
• «ዊን32ኤስፒኤል» ከሆነ፦ ከሌላ ሰርቨር ጋር የተገናኙ ፕሪንተሮች። ይህም ደረጃ 7።
• የማያውቁት ስም ከሆነ፦ ፋይሉን ያግኙና ባሕርያቱ ውስጥ የአምራቹን ስም ያንብቡ። የፕሪንተር አምራች ስም ካገኙ ወደ ደረጃ 6።

ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ የህትመት መዝገቡን ያብሩ

ዊንዶውስ ማን ምን እንዳተመ የሚጽፍበት ዝርዝር መዝገብ አለው፤ ሲጫን ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኢቨንት ቪወርን ይክፈቱ። «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ሰርቪስስ ሎግስ»፣ ከዚያ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ፕሪንት ሰርቪስ» ብለው ይግቡ። «ኦፐሬሽናል» በሚለው ላይ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኢኔብል ሎግ» ይበሉ፤ በባሕርያቱ ውስጥም መጠኑን ከፍ ያድርጉ፣ አለዚያ ሥራ በሚበዛበት ሰርቨር ላይ ቶሎ ሞልቶ የቀድሞውን ይሽረዋል።

ከዚህ በኋላ የታተመ ሰነድ ሁሉ በቁጥር 307 ይመዘገባል፦ ተጠቃሚው፣ ፕሪንተሩ፣ የገጹ ብዛት፣ በባይት መጠኑ። የሰነዱ ስም በነባሪው ስለሚደበቅ በሁሉም ላይ «ፕሪንት ዶክዩመንት» የሚል ቢያዩ አይደንግጡ፤ ሰዓቱና ተጠቃሚው ይበቃዎታል። መዝገቡን ዛሬ ማብራት የሚያስፈልገው ትናንትን መልሶ ስለማያሳይ ነው።

ደረጃ 4፦ ወረፋውን ይመርምሩ፣ ከዚያ ያጽዱ

ፕሪንት ማኔጅመንት ውስጥ «ከስተም ፊልተርስ» ሥር «ፕሪንተርስ ዊዝ ጆብስ» የሚለውን ይክፈቱ። ከትናንት የቀረ፣ «ኤረር» የሚል ወይም «ዲሊቲንግ» ብሎ የቀረ ሥራ ካለ ባለቤቱን ይጻፉ። ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ»፣ «ሲስተም32»፣ «ስፑል»፣ «ፕሪንተርስ» ወደሚለው ፎልደር ይግቡ። እዚያ እያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ፋይል አለው፦ ይዘቱን የያዘ «ኤስፒኤል» እና ቅንብሩን የያዘ «ኤስኤችዲ»። ቀናቸውንና መጠናቸውን ይዩ። በስካነር የተነሱ ገጾችን የያዘ ትንሽ ፒዲኤፍ ለህትመት ሲዘጋጅ ከመጀመሪያ መጠኑ በብዙ እጥፍ ሊያብጥ ይችላል።

ለማጽዳት፦

ሀ. ለተጠቃሚዎች ያሳውቁ።

ለ. «ሰርቪስስ» ውስጥ «ፕሪንት ስፑለር»ን ያቁሙ። «ስቶፒንግ» ብሎ ከቀረ ፕሮሰሱን ከታስክ ማኔጀር ይዝጉት።

ሐ. የፎልደሩን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ እንጂ አይሰርዙ። ከጎኑ ያለውን «ድራይቨርስ» የሚለውን ፎልደር በፍጹም አይንኩ።

መ. ሰርቪሱን ያስነሱና ፕሮሰሰሩን ይከታተሉ።

ማዛወር የሚሻልበት ምክንያት አለ። ጭነቱ ከወረደ አንዱ ሰነድ ነበር ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰርቪሱን አቁመው ጥንድ ጥንዱን አንድ በአንድ እየመለሱ ያስነሱ። ጭነቱ በተመለሰበት ጥንድ ላይ ያቁሙ፤ የመጣበትን ፕሮግራምና የላከውን ሰው አሁን ያውቃሉ። ግን እነዚህ ፋይሎች የሰነዱን ይዘት የያዙ ናቸው፤ የደመወዝ ዝርዝርም ሊሆን ይችላል። ማንም የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጧቸው፣ ምርመራው ሲያልቅ ይሰርዟቸው።

የሪሞት ዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ከዚህ በኋላ «ፕሪንተሬ ጠፋ» ካሉ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

ወረፋው ባዶ ሆኖ ጭነቱ ከተመለሰ ምክንያቱ ሰነድ አይደለም። ይቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ የማይመልሱ ፕሪንተሮችን ያግኙ

በአገራችን ቢሮዎች በብዛት የማገኘው ይህን ነው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ይቆያል፤ ፕሪንተሮቹ ይጠፋሉ። መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ያድላል፤ የሁለተኛው ፎቅ ፕሪንተር የነበረው አድራሻ ለአንዱ ሠራተኛ ስልክ ይሰጣል። ሰርቨሩ ግን አሁንም በድሮው አድራሻ «ወረቀት አለህ? ቀለም አለህ?» እያለ ይጠይቃል። አንድ ሁለት ፕሪንተር ቢሆን አይከብድም፤ ከተሸጡ፣ ከተበላሹና ከተዛወሩ ፕሪንተሮች የቀሩ በርካታ ፖርቶች ሲጠራቀሙ፣ በተለይ የአምራቹ ድራይቨር መልስ ሲያጣ ያለ ፋታ የሚደጋግም ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ይያዛል።

የሚያደርጉት፦

• «ፕሪንተርስ ኖት ሬዲ» በሚለው ማጣሪያ ዝርዝሩን ያውጡ።
• እያንዳንዱን አድራሻ በፒንግ (አድራሻው መልስ ይሰጥ እንደሆነ በሚፈትን ትዕዛዝ) ብቻ አይመኑ፤ ፒንጉን የመለሰው ስልክ ሊሆን ይችላል። አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፈው የፕሪንተሩን ገጽ ይክፈቱ፣ ሞዴሉን ያረጋግጡ።
• የሌለ ፕሪንተር ከሆነ መጀመሪያ ፕሪንተሩን፣ ቀጥሎ ፖርቱን ያስወግዱ። ፕሪንተሩን ሰርዞ ፖርቱን መተው የተለመደ ጉድለት ነው።
• ያሉትን ፕሪንተሮች ራውተሩ ወይም የአድራሻ አዳዩ ሰርቨር ላይ ቋሚ አድራሻ ያስይዙላቸው።
• በፕሪንተሩ ባሕርያት «ፖርትስ»፣ ከዚያ «ኮንፊገር ፖርት» ገብተው «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ ኢኔብልድ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። ይህ የሁኔታ ጥያቄውን ያቆማል፤ ህትመቱን አይነካም። የሚያጡት ሰርቨሩ ላይ የሚታየውን የፕሪንተሩን ሁኔታ ነው።
• ፖርቱ «ደብልዩኤስዲ» ከሆነ በ«ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ» ፖርት ይተኩት። ለጋራ ሰርቨር አድራሻው የታወቀ ፖርት ይሻላል።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ስፑለሩን አስነስተው ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ድራይቨሩን ለይተው ያስቀምጡ

በመጀመሪያ መጠባበቂያ ይያዙ። ፕሪንት ማኔጅመንት ውስጥ በሰርቨሩ ስም ላይ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኤክስፖርት ፕሪንተርስ ቱ ኤ ፋይል» ይበሉ። ፕሪንተሮቹን፣ ፖርቶቹንና ድራይቨሮቹን በአንድ ፋይል ያኖርልዎታል።

ቀጥሎ «ድራይቨርስ» የሚለውን ይክፈቱ። በደረጃ 2 ያገኙት አምራች ድራይቨር ላይ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ሴት ድራይቨር አይሶሌሽን»ን «አይሶሌትድ» ያድርጉና ስፑለሩን ያስነሱ። ድራይቨሩ ከአሁን በኋላ ከስፑለሩ ውጭ፣ በራሱ ፕሮሰስ ይሠራል። ሁለት ጥቅም አለው፤ ቢበላሽ የሌሎቹን ህትመት ይዞ አይወድቅም፣ ጭነቱም «ፕሪንት አይሶሌሽን ሆስት» ላይ ከወጣ ጥፋተኛው እሱ ለመሆኑ ጥርጥር አይኖርዎትም። ሁሉንም በአንዴ አይለዩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል፣ ማስረጃዎም ይደበላለቃል።

ጥፋተኛ መሆኑ ከታወቀ ከአምራቹ ገጽ አዲሱን ያውርዱ። አምራቹ ለብዙ ሞዴል የሚሠራ አንድ የጋራ ድራይቨር ካለው እሱን ይምረጡ፤ አሥር ድራይቨር ከመከታተል አንድ ይቀላል። ማንም የማይጠቀምባቸውን ያስወግዱ። «በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ካለ ስፑለሩን አስነስተው ማንም ሳያትም ወዲያው ይሞክሩ።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ። «ፕሪንት ናይትሜር» ተብሎ የሚታወቀው የ2021 የስፑለር የደኅንነት ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር ማይክሮሶፍት ባወጣው ማሻሻያ የፕሪንተር ድራይቨር መጫን ለአድሚኒስትሬተር ብቻ ሆኗል። ሠራተኞች ራሳቸው እንዲጭኑ ብለው ይህን ገደብ የሚያነሱ አሉ። አያድርጉት፤ ሰርቨሩን ለጥቃት ያጋልጣል፣ ማንም የጫነው ድራይቨርም ወደዚሁ ችግር ይመልስዎታል። ዶሜይን ኮንትሮለር (የመሥሪያ ቤቱን ተጠቃሚዎች መግቢያ የሚቆጣጠር) በሆነ ሰርቨር ላይ ደግሞ ስፑለሩ ጨርሶ ጠፍቶ መቀመጥ አለበት።

ደረጃ 7፦ በሪሞት ዴስክቶፕ የሚገቡ ፕሪንተሮችን ይገድቡ

ሠራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ሲገባ የራሱ ኮምፒውተር ፕሪንተሮች አብረውት ይገባሉ፦ እውነተኛው፣ የፒዲኤፉ፣ የኤክስፒኤሱ፣ የፋክሱ። 30 ሠራተኛ እያንዳንዱ አራት ይዞ ቢገባ ስፑለሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 120 ፕሪንተር ይፈጥራል ማለት ነው፤ አብዛኞቹን ማንም አይነካቸውም።

ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንቦች የሚወሰኑበት መሣሪያ) ውስጥ በኮምፒውተር ክፍል «አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ»፣ «ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ»፣ «ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ»፣ «ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት»፣ «ፕሪንተር ሪዳይሬክሽን» ብለው ይግቡና፦

• «ሪዳይሬክት ኦንሊ ዘ ዲፎልት ክላይንት ፕሪንተር» የሚለውን ያብሩ። ከ120 ወደ 30 ይወርዳል።
• «ዩዝ ሪሞት ዴስክቶፕ ኢዚ ፕሪንት ፕሪንተር ድራይቨር ፈርስት» የሚለውን ያብሩ። ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ድራይቨር ሳይሸከም በአንድ የጋራ ድራይቨር ይሠራል።
• ሁሉም በቢሮው ፕሪንተሮች ብቻ የሚያትም ከሆነ «ዱ ኖት አላው ክላይንት ፕሪንተር ሪዳይሬክሽን» የሚለውን አብርተው ነገሩን ከሥሩ ይዝጉት።

ለውጡ የሚታየው ሠራተኛው ወጥቶ ሲገባ ነው። መስኮቱን በኤክስ ምልክት ዘግቶ የሄደ ሠራተኛ አልወጣም፤ በሰርቨሩ ላይ አሁንም አለ። ስለዚህ ለተቋረጡ ግንኙነቶች የጊዜ ገደብ ያስቀምጡ።

ለዓመታት የሠራ ሰርቨር ከሆነ ሪጅስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ የድሮ ግንኙነቶች ቅሪት ይከማቻል። «ሎካል ማሽን»፣ «ሶፍትዌር»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ ኤንቲ»፣ «ከረንት ቨርዥን»፣ «ፕሪንት»፣ «ፕሮቫይደርስ»፣ «ክላይንት ሳይድ ሬንደሪንግ ፕሪንት ፕሮቫይደር» በሚለው ሥር በተጠቃሚ መለያ ቁጥር የተሰየሙ ብዙ ቁልፎች ካዩ ይህ ነው። እዚያው «ሪሙቭ ፕሪንተርስ አት ሎግኦፍ» የሚለው ዋጋ 1 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስሙ ያለ ክፍተት ተያይዞ ይጻፋል። የቆዩትን ቁልፎች ማጥፋት ካስፈለገ ቁልፉን በሙሉ ኤክስፖርት አድርገው፣ ተጠቃሚዎች ሁሉ ወጥተው፣ ስፑለሩ ቆሞ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ጭነቱ እውነተኛ ከሆነ ያካፍሉት

ብልሽት ከሌለና ፕሮሰሰሩ የሚያሻቅበው በህትመት ሰዓት ከሆነ ገጹን ለፕሪንተር የማዘጋጀቱ ሥራ ነው የከበደው። ፕሪንተር በሚያጋራ ሰርቨር ላይ በፕሪንተሩ ባሕርያት «ሼሪንግ» ገጽ «ሬንደር ፕሪንት ጆብስ ኦን ክላይንት ኮምፒውተርስ» ምልክት የተደረገበት መሆኑን ይዩ፤ ዝግጅቱ በሠራተኛው ኮምፒውተር ይሠራል። ፕሮግራሙ በራሱ በሰርቨሩ ላይ በሚሠራበት ሪሞት ዴስክቶፕ ግን ይህ አያግዝም።

በአማርኛ የሚጻፉ ሰነዶች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ፕሪንተሮች በውስጣቸው የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ስለዚህ ወይ ፊደሉ አብሮ ይላካል፣ ወይ ገጹ ወደ ምስል ይለወጣል። ሁለተኛው ይከብዳል። በድራይቨሩ የላቀ ቅንብር ውስጥ ትሩ ታይፕ ፊደልን «እንደ ግራፊክስ አትም» የሚል ምርጫ ተመርጦ ከሆነ ወደ «ዳውንሎድ» ይለውጡትና አንድ ገጽ አትመው ፊደሉ በትክክል መውጣቱን ያረጋግጡ።

ረጃጅም ሪፖርቶችን ወደ ማታ ማዛወርም ይቻላል። ለዚያው ፕሪንተር ሁለተኛ ስም ይፍጠሩ፣ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ «አቬይለብል ፍሮም» ላይ ሰዓት ያስገቡ፣ ትልልቅ ሪፖርቶች በዚህ እንዲላኩ ያድርጉ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ለማለት 8 ፒኤም ያስገቡ። እዚያው ገጽ ላይ «ኪፕ ፕሪንትድ ዶክዩመንትስ» የሚለው ምልክት ካለበት ያንሱት፤ የታተመ ሰነድ ሁሉ ዲስክ ላይ እንዲቀር ያደርጋል።

ፀረ ቫይረሱም ከህትመቱ ጋር አብሮ ፕሮሰሰር የሚወስድ ከሆነ የስፑል ፎልደሩን ከቅጽበታዊ ፍተሻ ስለማስወጣት ከደኅንነት ኃላፊው ጋር ይነጋገሩ። በራስዎ ውሳኔ አያድርጉት።

የተለመዱ ስህተቶች

ስፑለሩን በየሌሊቱ የሚያስነሳ ፕሮግራም አዘጋጅቶ መርሳት። ችግሩ ተደብቆ ያድጋል፤ በሰኔ መጨረሻ ሁሉም ሰው በሚያትምበት ቀን ይወጣል።

ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ። ቢስተካከልም በየትኛው እንደተስተካከለ አይታወቅም፤ ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

የስፑለሩን የፕሮሰሰር ቅድሚያ ዝቅ ማድረግ። ዙር ውስጥ የገባው ክር አይወጣም፤ የሁሉም ህትመት ግን ይዘገያል።

ድራይቨርን ከአምራቹ ውጭ ካሉ የማውረጃ ገጾች መውሰድ። ድራይቨር በሰርቨሩ ላይ በከፍተኛ መብት የሚሠራ ነገር ነው።

ሁሉንም ሞክረው ካልሆነ ወደ አምራቹ ወይም ወደ ድጋፍ ሰጪው ይሂዱ፤ ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ። የደረጃ 2 ፎቶዎች፣ የፋይሉ ስምና ቨርዥን፣ ጭነቱ በተነሳበት ሰዓት የነበሩት የ307 መዝገቦች፣ የዊንዶውሱ ቨርዥን፣ የለወጧቸው ነገሮች ከነሰዓታቸው ይኑሩዎት። ፕሮሰሰሩ በተያዘበት ሰዓት ታስክ ማኔጀር ላይ በስፑለሩ ላይ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ክሪኤት ደምፕ ፋይል» ቢሉ የሚፈጠረው ፋይል ለአምራቹ ባለሙያ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። እሱም የሰነድ ይዘት ሊይዝ ስለሚችል ከመላክዎ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን ፈቃድ ይጠይቁ።